በቀን አንድ ጤፍ

ነገሩ በጠቅላላ ያስከፈለኝን መጀመሪያ ልናገርና እንገላገል። ኮምቦልቻ ዋናው መንገድ ዳር የነበረኝን የእህል መጋዘን ወሰደ። በመጋዘኑ የነበረውን ማሾ ወሰደ። የሐርቡ ገበሬ ከሩቅ ሲያየኝ የሚያሰማኝን ሰላምታ ወሰደ፤ አሁን ግራ ቀኙን ካየ በኋላ ነው የሚጨብጠኝ። ሁለት የፊት ጥርስ ወሰደ። የታናሽ ልጄ ኒካህ እኔ ሳልኖር ታሰረ፤ በዚያ ወር እኔም እሷም ታሰርን ማለት ነው። ቀኝ እጄንም ከዓመት በላይ ወሰደ። እጄን መለሱልኝ እንዳልል እነሱ አልመለሱትም፤ ራሱ በእግሩ ነው የመጣው። እንዴት እንደመጣና መንገዱን ማን እንዳሳየኝ ነው የምጽፈው።

ጥፋቴ ማሾ መሸጥ ነው። ከእኔ የገዛው ሰው ለሌላ ሸጠ፤ ያ ሌላው ደግሞ ጫካ ላሉት አቀበለ ተባለ። እኔ እህሌ ከመጋዘኔ ከወጣ በኋላ በማን ሆድ እንደሚገባ ተከታትዬ አላውቅም። ይህንኑ ሐርቡ ኬላ ላይ ለያዙኝ ልጆች ነገርኳቸው። አንዱ ሳቀ። ያሰረኝም የሳቀው ነው።

የፊጥኝ አሰረኝ። ሁለቱን ክንዶቼን ወደ ኋላ አገናኝቶ፣ ከክርን በላይ፣ በናይሎን ገመድ። ገመዱን አውቀዋለሁ፤ እኔው የምሸጠው ዓይነት ነበር። እንደማይበጠስ ለስንቱ ገዢ ምዬበታለሁ። ከሐርቡ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ዳገቱን እስከ ደሴ፣ ፒካፕ ላይ በደረቴ ተኝቼ ሄድኩ። በኮምቦልቻ ስናልፍ የገዛ መጋዘኔን በር አላየሁትም፤ ሽታውን ግን አወቅሁት። ደሴ ገመዱን ሲፈቱልኝ ግራ እጄ እንደ እሳት መንደድ ጀመረ። ቀኙ ዝም አለ። አልሐምዱሊላህ፣ ቀኙንስ አተረፈልኝ ብዬ አመሰገንኩ።

የገባሁበት ክፍል ድሮ የአንድ መሥሪያ ቤት ዕቃ ማከማቻ ነበር። መስኮቱ በቆርቆሮ ተመትቷል፤ ከላይ ጣት የምታስገባ ክፍተት ቀርታለች። የደሴ ጉም በዚያች እየገባ ጎበኘን። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ሽታው የሰው፣ የእርጥብ ጫማና የበርበሬ ነው፤ በርበሬው ከየት እንደሚሸት እስክወጣ ድረስ አልደረስኩበትም። የኮምቦልቻ ሰው ደሴ ሲያድር ሁለት ብርድ ልብስ ይጠይቃል። እኔ አንድ ሸሚዝ ነበረኝ፤ ክንዱ የተቀደደ።

በሩ አጠገብ የተቀመጡ ሽማግሌ ሊቀበሉኝ ተነሡ። የኩታበር ሰው ናቸው፤ ወጌሻ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሰበረ ሲጠግኑ ኖረው፣ የማይጠገን ሰው እግር ጠገኑ ተብለው ነው የመጡት። "የማን እግር እንደሆነ እግሩ አልነገረኝም" ይሉ ነበር። እንደ አገራችን ወግ እጄን ሊስሙ እጃቸውን ዘረጉ። በእኛ ዘንድ ሁለት ሰው ሲገናኝ እጅ ለእጅ ተያይዞ አንዱ የሌላውን እያነሣ ይስማል፤ ማን ቀድሞ እንደሳመ እስኪጠፋ ድረስ። እኔም ዘረጋሁ። ክንዴ ተነሣ፤ ከአንጓዬ በታች ያለው ግን እንደታረደ ዶሮ አንገት ተንጠለጠለ። ያን ጊዜ ነው ዝም ማለቱ ደኅንነት አለመሆኑ የገባኝ። ሽማግሌው አይተው እንዳላየ ሆኑ፤ የተንጠለጠለውን በሁለት እጃቸው ደግፈው አንሥተው ሳሙት።

"አብሽር፣ የኔ ልጅ። ወልቋል። አሁን ጎትቼ እመልሰዋለሁ።"

"አባ፣ አይጎትቱት!" አለ አንድ ድምፅ ከጥጉ።

ቀጠን ያለ፣ ከእኔ በብዙ ዓመት የሚያንስ ሰው ነው። የቀኝ ዓይኑ ቆብ ወረድ ብሏል፤ እንቅልፍ ግማሹን ብቻ የያዘው ይመስላል። ቀኝ እጁን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶታል። ዶክተር እንደሆነ ነገሩኝ።

"የምን ዶክተር?" አልኩት። "ሰው ታክማለህ?"

"አላክምም፣ ጋሼ። ዩኒቨርሲቲ ነው የማስተምረው። አይጥ አቆስልና እንዴት እንደሚድን አያለሁ።"

"እዚህ ማቁሰሉን ሌሎች ይዘውታል፤ እሱ ማየቱ ብቻ ቀረለት" አሉ ወጌሻው። ክፍሉ ሳቀ። እንደዚያ ባለ ቤት ሰው የሚስቀው ቀልዱ ስለሚያስቅ አይደለም።

ዶክተሩ አጠገቤ መጥቶ በግራ እጁ አንጓዬን ያዘ። እጅዎን ወደ ላይ ያንሡ አለኝ፤ አልተነሣም። ጣትዎን ይዘርጉ አለኝ፤ አልተዘረጋም። አውራ ጣትዎንስ? እሱም የሌላ ሰው ሆነ። የት ላይ እንዳሰሩኝ ጠየቀኝ፤ አሳየሁት።

"አባ፣ አጥንቱ ደኅና ነው። ነርቭ ነው የተጎዳው።"

"ጅማት በል።"

"ጅማት አይደለም፤ ነርቭ። ጅማቱን የሚጎትተውን ጡንቻ የሚያዝዘው እሱ ነው።"

ሽማግሌው ክንዴን ከትከሻዬ እስከ አንጓዬ በጣታቸው እየተጫኑ ወረዱ። ብዙም አልተከራከሩ። "ነርቭ የምትለውን አይቼው አላውቅም። አጥንቱ ግን ልክ ነህ፤ ደኅና ነው" አሉና፣ "ታዲያ ምን ላድርግለት?" ብለው ጠየቁት።

"አንጓው እንዳይወድቅ ቀና አድርገው ይሰሩለት። ወድቆ ከቆየ ይደርቃል።"

ከብስኩት ካርቶን ቆርጠው፣ የሽርጣቸውን ጠርዝ ቀድደው አሰሩልኝ። ማሰር ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

በማግሥቱ፣ ብርሃኑ በክፍተቱ ገብቶ ግድግዳው ላይ እንደ ጩቤ ሲቆም፣ ዶክተሩ ጎን ሄጄ ተቀመጥኩ። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። በእጄ ነው የምበላው። እጄን ጆንያ ውስጥ ከትቼ ማሾው መድረቁን፣ አለመንቀዙን፣ አሸዋ ያልተቀላቀለበት መሆኑን የማውቀው በእጄ ነው። ሌላ ትምህርት የለኝም።

"ይመለሳል?"

"ክሩ ከውስጥ ተበጥሶ ሽፋኑ ካልተበጠሰ ይመለሳል። ጊዜ ይፈልጋል።"

"ስንት?"

"ዕቃ ከየት ነበር የሚያመጡት፣ ጋሼ?"

"ማሾውን ከቆላ። ሌላውን ከአዲስ አበባ።"

"እንግዲያው ይገባዎታል" አለና ግራ እጁን ወደ ማጅራቴ ሰደደ። "የነርቭ ሕዋስ ቤቱ እዚህ ነው፣ አከርካሪዎ ውስጥ። ከዚያ ቤት አንድ ክር ይወጣል፤ ከሸረሪት ድር የቀጠነ። ሳይቀጠል እስከ ክንድዎ ይወርዳል። ክሩ ጓዳ የለውም፣ ወፍጮ የለውም። የሚኖርበት ፕሮቲን ከሞላ ጎደል ሁሉም እዚህ ቤቱ ውስጥ ተሠርቶ፣ ተጭኖ ነው የሚላክለት።"

"በምን ተጭኖ?"

"ክሩ ውስጥ እንደ ሐዲድ ያለ ነገር ተዘርግቷል። በዚያ ላይ ሁለት እግር ያላቸው ተሸካሚዎች አሉ። ሸክሙን ከላይ አድርገው አንዱን እግር ካንዱ እያስቀደሙ ይሄዳሉ።"

"ጫኝና አውራጅ በለኛ።"

"ጫኝና አውራጅ።"

"ምን ይከፈላቸዋል?"

"ከስኳር የሚገኝ ኃይል።"

"ከእኛ ይሻላሉ" አሉ ወጌሻው ከበሩ በኩል። "ስኳር ካየን ስንት ጊዜያችን!"

ዶክተሩ ፈገግ አለ። ስለዚህ ነገር ሲያወራ ፊቱ ይለወጣል፤ የቀኝ ዓይኑ እንኳ ከፈት ያለ ይመስለኝ ነበር። አልተከፈተም ግን፤ እኔ ነኝ የከፈትኩለት። ጭነቱ ሁለት ዓይነት ነው አለኝ። አንዱ ፈጣን ነው፤ ከአንገት ተነሥቶ ጣት ለመድረስ ጥቂት ቀን ቢፈጅበት ነው። ሌላው ዘገምተኛ ነው። ሐዲዱ ራሱ የሚሠራበት፣ ክሩ ቆሞ የሚኖርበት ዋናው ፕሮቲን በዘገምተኛው ነው የሚመጣው። ክሩ ሲቆረጥ ከተቆረጠበት በታች ያለው ይበሰብሳል። ቤቱ ግን አይሞትም፤ ወሬው እስኪደርሰው ነው የሚጠብቀው።

"ወሬውን ማን ያደርሳል?"

"የሚመለስም መኪና አለ፣ ጋሼ። የሚሄድ ብቻ አይደለም። ከተቆረጠው ጫፍ 'ተቆርጠናል' የሚል መልእክት ጭኖ ሽቅብ ይመለሳል። ያን ጊዜ ቤቱ ሥራውን ይለውጣል። ከጡንቻ ጋር የሚነጋገርበትን ዕቃ መሥራት ይቀንስና የግንባታውን ያበዛል።"

"ሱቁን ዘግቶ ብሎኬት ማምረት።"

"እንዲያ ነው። ከዚያ ከጫፉ አዲስ ክር መብቀል ይጀምራል። ግን መንገዱን የሚሠራው ዕቃ የሚመጣው በዚያው በሚሠራው መንገድ ነው። ስለዚህ ከዕቃው ቀድሞ መሄድ አይችልም።"

ይህ ለእኔ አዲስ አልነበረም። በእኛ አገር መንገድ ሲሠራ ያየ ሰው ጠጠሩ በዚያው ባልተሠራው መንገድ ሲንገታገት ነው ያየው።

"በቀን ምን ያህል ይሄዳል?"

የአውራ ጣቱን ጥፍር ጠርዝ አሳየኝ። "ይህን ያህል። አንድ ሚሊ ሜትር።"

"አንድ ጤፍ።"

አሰበበት። "ልክ ነው። በቀን አንድ ጤፍ። ቢቀናው ሁለት።"

"ለማን ምን ብንሰጥ ይፈጥናል?"

"ለማንም።"

"ኬላ የለውም?"

"ጉቦ የሚቀበል የለውም።"

ወላሂ፣ ጉቦ የማይሠራበት መንገድ በዚህ አገር እንዳለ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ እሱም ክንዴ ውስጥ ነበር።

የቀረውን በቀስታ ነገረኝ። ክሩ ሲደርስ የጡንቻውን ደጅ ክፍት ማግኘት አለበት አለ። ጡንቻ ለዘላለም አይጠብቅም፤ ዓመት ከምናምን ካለፈው ይከሳል፣ ይደርቃል፣ ወደ ጠባሳና ወደ ስብ ይለወጣል። ከዚያ በኋላ ክሩ ቢመጣም የሚቀበለው የለም። ስለዚህ አንጓዬን ቀና አድርጌ ማሰር፣ ጣቶቼን በየቀኑ ማንቀሳቀስ አለብኝ። ዩኒቨርሲቲም ሥራው ይኸው ነበር። የአይጥ ነርቭ ይቆርጥና ይሰፋል፣ ምልክት የተደረገበት ፕሮቲን ከአከርካሪው በኩል ይሰጣታል፣ ከዚያ በቀን በቀን ጭነቱ ክሩ ላይ የት እንደደረሰ ያያል።

"እኛ ጆንያ ላይ ቀለም እንቀባለን" አልኩት። "የማን ጭነት የት እንደወረደ ለማወቅ።"

"ያው ነው። ሌላው ሁሉ የቀለሙ ዓይነት ነው።"

ከዚያ ወዲያ ሥራ ሆነ። ጠዋት ጠዋት እጄን ጉልበቱ ላይ ያስቀምጥና በግራ እጁ ጣቶቼን አንድ በአንድ ይዘረጋል፣ ያጥፋል፣ አንጓዬን ቀና ያደርጋል። ዓርብ ዓርብ፣ እኛ ከሰገድን በኋላ፣ እሱ ደግሞ የራሱን ይሰግዳል እንላለን፤ በመሐል ጣቱ ጫፍ ከክርኔ በላይ ጀምሮ ክንዴን መታ መታ እያደረገ ይወርዳል። አንድ ቦታ ሲደርስ እንደ መብራት ንዝረት ያለ ነገር እስከ አውራ ጣቴ ጀርባ ይወረወራል።

"አለ!" እላለሁ።

"እዚህ ደርሷል" ይላል። ወጌሻው በተቃጠለ ክብሪት ነጥብ ያደርጉበታል። በሌላው ዓርብ ንዝረቱ ነጥቡን አልፎ ይገኛል፤ በጥቂት፣ ግን አልፎ።

ክፍሉ በሙሉ ያውቀው ነበር። ከጥግ ጥግ ይጮሃሉ፦

"አያ፣ መኪናዋ የት ደረሰች?"

"ገና ሐርቡ ናት!"

"ሹፌሯ ጫት ሊገዛ ወርዶ ይሆናል!"

"ጎማ ፈንድቶባት ነው፤ ይውረዱና ይግፉ!"

ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር ስላልነበረን ነው። የማናችንም ጉዳይ አይንቀሳቀስም ነበር። ፍርድ ቤት የቀረበ የለም፣ የተጠየቀ ጥቂት ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ወደፊት የሚሄድ አንድ ነገር ክንዴ ውስጥ ያለው ክር ነበር።

የዶክተሩ እጅ ከእኔ የቀለለ ይመስለኝ ነበር። ትከሻውን ያነሣል፣ ክርኑን ያጥፋል። ጣቶቹ ብቻ ናቸው ዝም ያሉት። እንዴት እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቄው፣ "ከጭነት መኪናው ላይ ሲጥሉኝ እጄ ከላይ ከብረቱ ጋር መታሰሩን ረሱት" አለኝ። ረሱት በሚለው ላይ ምንም አልጨመረም። አንዳንድ ጊዜ ያን እጅ በግራው ጭምቅ አድርጎ ይዞ፣ ጥርሱን ነክሶ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ያቃጥለኛል ይል ነበር። የማይሰማ እጅ እንዴት እንደሚያቃጥል አልገባኝም፤ አልጠየቅሁም።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። እዚያ ቤት ሐኪም ቤት ውሰዱኝ የማይል አልነበረም። ጥርሱ ያመመውም፣ ምንም ያላመመውም ይለምናል፤ ለመንገዱ ሲል። ዶክተሩ ብቻ አንድም ቀን አልጠየቀም። ኩራት መሰለኝ። የተማረ ሰው ለዘበኛ መለመን ይከብደዋል፤ እኔ አይከብደኝም። ስለዚህ በሩን እኔ አንኳኳሁለት። ስንቅ የምታመጣልኝ ባለቤቴ በአንድ ዘመዷ፣ ዘመዷ በሌላ ሰው በኩል ነገሩን አስኬዱት። እንዴት እንደሆነ አልዘረዝርም፤ የረዱኝ ሰዎች ዛሬም እዚያው ናቸው። አንድ እስረኛ ለሕክምና ይወጣል ተባለልኝ። ለእኔ ይሁን አላልኩም። የኔ መኪና መንገድ ላይ ናት።

በጥር፣ አንድ ጠዋት፣ ጠባቂው በሩን ከፈተ።

"ሐኪም ቤት የሚሄደው ማነው? አንድ ሰው!"

"ዶክተሩ" አልኩ።

"አባ ይሂዱ" አለ ዶክተሩ። የወጌሻው እግር ካበጠ ሰንብቷል፤ ሲተነፍሱም ያፏጫሉ።

"አንተ ነህ የምትሄደው!" አልኩት።

"አባ ናቸው።"

"ገበያ አደረጋችሁት እንዴ?" አለ ጠባቂው። "ልዝጋው?"

ዶክተሩ ሽማግሌውን በደኅና እጁ ደግፎ አስነሣቸው። ሄዱ። በሩ ተዘጋ።

እኔ ነደድኩ። "አንተ ሰው! ስንት ደጅ ተጠንቶ የመጣ ነው! ከእንግዲህ እንደዚህ ያለ ይገኛል ብለህ ነው? እጅህን አትፈልገውም?"

"ጋሼ፣ ይቀመጡ።"

"አልቀመጥም!"

"ይቀመጡና መታ መታ ያድርጉኝ።"

ሸሚዙን ከቀኝ ክንዱ ላይ በግራ እጁ ገፎ እጁን ጭኔ ላይ አኖረው። ቀዝቃዛ ነበር፤ ቆዳው እንደ ወረቀት ልስልስ ያለ። የእኔም ቀኝ ስለማይሠራ በግራ ጣቴ ጀመርኩ። ከትንሿ ጣቱ ሥር።

"አለ?"

"የለም።"

አንጓው ላይ። "አለ?"

"የለም።"

በክንዱ ውስጠኛ በኩል ወጣሁ። ክርኑን አለፍኩ። ብብቱ ደረስኩ። በየቦታው እጠይቃለሁ፣ በየቦታው የለም ይላል፤ ድምፁ ሳይለወጥ፣ የተማሪ ስም እንደሚጠራ አስተማሪ። ከትከሻው አጥንት በላይ፣ አንገቱ ሥር ደረስኩ።

"እዚህስ?"

"የለም።"

"ወደ ላይስ?"

"ከዚያ በላይ አገር የለም፣ ጋሼ።"

እጄን አንገቱ ላይ እንዳለ ረሳሁት።

"የእርስዎ ክር መንገድ ላይ ነው የተቆረጠው" አለ። "የኔ ከበሩ ነው የተነቀለው። ከአከርካሪው። የተቆረጠ ይበቅላል፤ የተነቀለ መውጫ የለውም። እዚህ ከተማ ያለ ሐኪም ቢያየኝ፣ 'አዎ ተነቅሏል' ብሎ ይመልሰኛል። አባ ግን ኪኒን ያገኛሉ።"

"ማን ነገረህ? ሐኪም ሳያይህ!"

ጣቱን ወደ ቀኝ ዓይኑ አነሣ። "ይቺ ነገረችኝ። ይህን ቆብ ቀና የምታደርገው ክር የእጄ ክሮች ከሚወጡበት በር ጋር ናት። እጅ ሞቶ እሷም ስትወድቅ ከበሩ እንደተነቀለ ይታወቃል። ተማሪዎቼን ፈተና ላይ እጠይቃቸዋለሁ። የመጣሁ ዕለት በባልዲ ውኃ ሲሰጡን ፊቴን ውኃው ውስጥ አየሁት።"

ያ ማለት የመጀመሪያ ቀኑ ነው። እኔን ሳያውቀኝ በፊት። ያን ሁሉ ጠዋት ጣቶቼን ሲዘረጋ፣ ያን ሁሉ ዓርብ "ደርሷል" ሲለኝ፣ ያውቅ ነበር።

ነጋዴ ነኝ። ነገሩን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ከበሩ ባይነቀል ኖሮስ፣ ቢበቅልስ ብዬ ከአንገቱ እስከ ጣቱ በስንዝሬ ለካሁት፤ በጤፍ መነዘርኩት። ከሁለት ዓመት ይሻገራል። ጡንቻው የሚጠብቀው የዚያን ግማሽ ያህል ነው።

"ሠሩት?" አለኝ።

"ሠራሁት።"

"እኔም።"

ወጌሻው የሌሉበት ቦታ በበሩ አጠገብ ባዶ ነበር፤ ማንም አልተቀመጠበትም።

"አይጦቹን በየትኛው እጅህ ነበር የምትሰፋቸው?"

"በቀኙ።"

ከዚያ፣ ሌላ ሥራ ስለሌለ፣ እጄን ጉልበቱ ላይ አድርጎ እንደ ወትሮው ጣቶቼን መዘርጋት ጀመረ። የጠዋቱን ሥራ አልጨረስንም ነበር። ሲጨርስ የእሱን ቀኝ እጅ ያዝኩ።

"ምን ሊያደርጉ ነው?"

"ጣትህን ላንቀሳቅስ።"

"ጋሼ፣ ምንም አያመጣም።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ዕቃ የሌለው ባለሱቅም ጠዋት ደጁን ይጠርጋል።"

እጁን ሊወስድ የነበረ ይመስለኛል። አልወሰደም። አውራ ጣቱን ዘረጋሁ፣ አጠፍኩ። ቀጣዩን ዘረጋሁ፣ አጠፍኩ። ወደ ግድግዳው ዞሮ ተወኝ። ማታ ወጌሻው በላስቲክ የተቋጠረ ኪኒን ይዘው ተመለሱ። ማንም ሳይነግራቸው ነገሩን ከአየሩ አወቁት መሰለኝ፤ የዶክተሩን እጅ ተቀብለው ያደጉትን ጥፍሮቹን ሲሚንቶው ላይ እየሞረዱ አሳጠሩለት። "ሰው ያለው እጅ ጥፍሩ አያድግም" አሉ። እንደዚህ ያለ ተረት ከዚያ በፊት አልሰማሁም፤ እዚያው የፈጠሩት ይመስለኛል።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጠዋት ጠዋት ሁለት እጅ ተንቀሳቀሰ። አንዱ ሊመጣ፣ አንዱ እንዲሁ።

የበልጉ ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ስሙን ጠሩ። "ዕቃህን ይዘህ" አሉት። በዚያ ቤት ይህ ቃል መፈታትም ይሆናል፣ ዝውውርም ይሆናል፣ ሌላም ይሆናል፤ ጠሪው አይነግርህም። ዕቃው አንድ ጋቢ ነበር። ወጌሻው መረቁት፤ እሱ የቄስ ልጅ ነው፣ ግን አሚን አለ፣ እኛም አልን።

በሩ ላይ ካቴና አወጡ። ግራ እጁን ሰጠ።

"ሁለቱንም!"

ቀኙን በግራው አንሥቶ አቀረበላቸው። እሱን ማሰር አያስፈልግም ነበር። አሰሩት።

ሊወጣ ሲል ቆም ብሎ ወደ እኔ ተመለሰ። በታሰረ እጁ፣ በግራ መሐል ጣቱ፣ ክንዴን መታ መታ እያደረገ ወረደ። ጠባቂው ጮኸበት። አልቸኮለም። ከክርኔ በታች አንድ ቦታ ላይ ንዝረቱ ተወረወረ።

"አለ" አልኩ።

"እዚህ ደርሷል" አለና ወጣ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሽንት ቤት ለመሄድ ስነሣ አንጓዬ ከካርቶኑ ላይ ራሱ ቀና አለ። አንድ ጣት ያህል፤ ከዚያ ወደቀ። ወጌሻው አዩት። "መኪናዋ ገባች!" ብለው ጮኹ፤ ክፍሉ አጨበጨበ፤ አንዱ እልል አለ። እኔ ወደ ጥጉ ተመለከትኩ። እዚያ ሌላ ሰው ተኝቶ ነበር።

እኔን በሰኔ "ሂድ" አሉኝ። ለምን እንደታሰርኩ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደተፈታሁም አልነገሩኝም፤ በዚህ እንኳ አድልዎ የለባቸውም። ወጌሻውን ኋላ ኩታበር ድረስ ሄጄ አገኘኋቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል እንጂ ደኅና ናቸው። ዶክተሩን ግን አላገኘሁትም። ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ስጠይቅ አንዱ ተፈቷል አለኝ፣ ሁለተኛው ተዛውሯል አለኝ፣ ሦስተኛው እንደዚህ ያለ አስተማሪ አላውቅም ብሎ ፊቱን አዞረ። በየእስር ቤቱ ደጅ ቆሜያለሁ፤ ስሙን ስናገር ዝርዝር ያላቸው መዝገቡን ሳያዩ ነው የለም የሚሉት። አባቱ ቄስ እንደሆኑ ብቻ ነው የማውቀው። በወሎ የቄስ ልጅ መፈለግ ጆንያ ማሾ ውስጥ አንዲት ማሾ መፈለግ ነው። ብዙ ሰው አይዞህ፣ ይገኛል ይለኛል። እኔ እጠይቃለሁ እንጂ ይገኛል አልልም። በምን ሒሳብ?

አሁን ኮምቦልቻ በሰው መጋዘን ደላላ ሆኜ እሠራለሁ። እጄን ጆንያ ውስጥ ስከት ማሾው መድረቁን ያውቃል። አውራ ጣቴ ትንሽ ይደክማል። ለጉዳይ ደሴ ወጥቼ ብርዱ ሲመታኝ አጥንቴ ድረስ ይጠዘጥዘኛል፤ ያን ጊዜ ሰው ምን ሆንክ ሲለኝ ምንም እላለሁ። አንዳንድ ጠዋት፣ መጋዘኑ ሳይከፈት፣ ብቻዬን ስሆን፣ ግራ እጄ ተነሥቶ የቀኜን ጣቶች አንድ በአንድ መዘርጋት ይጀምራል። አያስፈልገውም፤ ድኗል። ሲጨርስም ግራ እጄ ሌላ እጅ የሚፈልግ ይመስል ትንሽ አየር ላይ ይቆያል።

ሁለት ቀኝ እጅ ገባ። አንድ ወጣ።